መኪናዋ የምታድርበት ቤት

በረዶ የሚሉት ሰው አዋላጇን ያያቸው በመኪናው ካለፋቸው በኋላ ነው። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ከሁለቱ የመስታወት መጥረጊያዎችም የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። ከመንገዱ ዳር ያለው ኩሬ በጎማው ሲረጭ ተሰማውና ሰው ነክቼ ይሆን ብሎ በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ጋሻ ወደ መንገዱ አዙረው የቆሙ አሮጊት አየ። ጃንጥላው ዝቅ ሲል ፊታቸውን ለየው። የድሮ አከራዩ ናቸው።

ያን ጊዜ አንድ ልቡ እንዳላየ ሆነህ ሂድ አለው። አልሄደም። ማሰቡ ብቻውን ግን ሊያሳፍረው በቂ ነበር፤ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ሲመለስ ጆሮው ድረስ ግሎት ነበር።

"አንተ ነህ እንዴ ያጠብከኝ?" አሉት በሩን ሲከፍትላቸው። "እኔ ደግሞ ማን ባለጌ ነው ብዬ ልሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር።"

ዘንቢላቸውን ተቀብሎ ከኋላ አስቀመጠላቸው። ድንችና የዘይት ጠርሙስ ነበረበት፤ ከበድ ይላል። ከገበያው እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ በሐሳቡ ለካና መኪናቸው ምን ሆና እንደሆነ ጠየቃቸው።

"አሳርፌያታለሁ። ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል" አሉ፣ ቀሚሳቸውን እየጨመቁ።

በረዶ የእሳቸውን ጉልበት ያውቀዋል። ግቢያቸው በኖረበት ዘመን ሁሉ ደረጃ ገና ከሩቅ ሲያዩ ፊታቸው ይጨማደድ ነበር። ያንን ጉልበት ይዘሽ ድንች ተሸክመሽ ሂጂ የሚል ሐኪም እንደማይኖር ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እሱ ግን "ጥሩ ነው፣ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው" አለ። ማመኑ ስለቀለለው አመነ። በራቸው ላይ ሲያደርሳቸው ግባና ሻይ ጠጣ አሉት፤ ሥራ አለብኝ አለ። ሞተሩንም አላጠፋም። ከዚያ በር ላይ ሞተር አጥፍቶ ከቆመ ቆይቷል።

በረዶ የሚሉት ፍሪጅ ስለሚጠግን ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም አይተው እንደሆነ ይጠረጥራል፤ ሰው ፊት ሲናገር ቃሉ ይቀዘቅዝበታል። እጁ ግን ጎበዝ ነው። የፍሪጁን ሞተር ድምፅ ከበር ላይ ሰምቶ ጋዙ ማለቁን ይናገራል። በዚህ ሥራ አንድ ነገር ተምሯል፦ የት እንደሚኖር ለማንም አይናገርም። ፍሪጅ የተበላሸበት ሰው ትዕግሥት የለውም፤ ሥጋው እየቀለጠበት ነው። ጎህ ሳይቀድ በር ይደበድባል። አንዷማ ሙሉ የበግ ታፋ በገበታ ይዛ መስኮቱ ስር ቆማ፣ "ወይ ሠርተህ አቀዝቅዘው፣ ወይ ቤትህ አስገባው" ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ ቤትህ የት ነው ሲሉት "ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ" ነው መልሱ። ሁሉም ቤት ከዋናው መንገድ ወረድ ያለ ስለሆነ ይህን እንደ ውሸት ቆጥሮት አያውቅም።

ከአዋላጇ ጋር ያገናኘውም ፍሪጅ ነው። ሊጠግን መጥቶ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ባዶ ሆና አየ፤ በሳምንቱ ዕቃውን ይዞ ገባባት። እሳቸው ያን ጊዜ ከሆስፒታል በጡረታ መውጣታቸው ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ የወለዱት የለም፤ ያዋለዱት ግን ሰፈሩን ሞልቶታል። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጥሎት ሳለ አጠገቡ ወንበር አስጠግተው፣ እርጥብ ፎጣ ግንባሩ ላይ እየቀያየሩ አድረዋል። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ፣ "ምጥህ ረዘመ እኮ አንተ ልጅ" አሉት። እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ስለሆነ ይህን አልረሳውም። ቢረሳው ይሻለው ነበር ብሎ ያሰበበት ጊዜ አለ።

ዕድሜው ገፋ ካለ በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ አገባ። ልብስ ሰፊዋ ሌላ ሰፈር ከሱቆች በላይ ሁለት ክፍል አላት፤ ታችኛው ጠባብ ክፍል መስፊያ ቤቷ ነው። ሊወጣ ሲል አዋላጇን "ልለቅ ነው" ማለት ተስኖት ለቀናት ሲዞራቸው ሰነበተ። በመጨረሻ ያለው ሌላ ነው። "እየተመላለስኩ ነው የምኖረው፣ እትዬ" አላቸው። አልጋውንና አንድ የመፍቻ ሣጥን ትቶ ወጣ። እሳቸውም "ክፍሏ የትም አትሄድም" አሉ። ኪራይ አልጠየቁም፤ እሱም አላነሳም።

አዲሱ ቤት ግቢ ስለሌለው የእሱ መኪና መንገድ ዳር ታድራለች። በረዶ አድራሻ መቀየሩን ሊያስመዘግብ ወደ ኢንሹራንስ ቢሮው በገዛ እግሩ ሄዷል፤ ይህ ሊመሰገንበት የሚገባ ነገር ነው። ተራ ቁጥር ይዞ ተቀመጠ፤ ተጠራ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ወጣት ሠራተኛ መኪናዋ ማታ የት እንደምታድር ጠየቀችው፤ ነገራት። የሰፈሩን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ክፍያው በግማሽ ያህል ጨምሯል።

ያው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ ለምን እንደሚጨምር ቢጠይቃት፣ ያ ሰፈር ስርቆትም ግጭትም እንደሚበዛበት፣ በዚያ ላይ ግቢ እንደሌለው በትሕትና አስረዳችው። በረዶ ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ስክሪኑን የሚያዩት መሰለው። አፉ ላይ የመጣለትን አለ።

"እንግዲህ ገና ጠቅልዬ አልገባሁም።"

"እንግዲያው ጠቅልለው ሲገቡ ይምጡ" አለችና ሰፈሩን አጠፋችው።

ሌላ ጊዜ ለዕድሳት ሲሄድ "አድራሻዎ ያው ነው?" ሲሉት "ያው ነው" አለ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል። ከኢንሹራንሱ የሚላክ ፖስታ በአዋላጇ በር ይገባል፤ እሳቸው ያስቀምጡለታል፤ እሱ በዚያ ሲያልፍ ሞተሩን ሳያጠፋ ከእጃቸው ይቀበላል። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሥጋ ሻጭ ቤት ፍሪጅ ሊያወርድ ወደ ኋላ ሲነዳ፣ የበሩን ምሰሶ ገጭቶ የኋላ መብራቱን ሰበረ። ከኢንሹራንሱ ካሳ ጠየቀ፤ ተከፈለው። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎት ነበር።

አዋላጇን ያደረሰበት ያ ዝናብ ካለፈ በኋላ ጸጉር አስተካካዩ ጠራው። የጸጉር ቤቱ ከአዋላጇ በር ፊት ለፊት ነው። ለስላሳ መጠጥ የሚያቀዘቅዝባት ትንሽ ፍሪጅ አለችው፤ እሷ ሙቅ ውሃ ማውጣት ጀምራለች። በረዶ ፍሪጇን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ከኋላዋ ተንበረከከ። ጸጉር አስተካካዩ የሚላጭ ሰው ስላልነበረው ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀምጦ ይሽከረከራል። ሥራው ከአፉ የማይለይ ሰው ነው፤ ምላጭ ሳይዝ እንኳ ሰው ይላጫል።

"እንግዲህ ጎረቤት ልንሆን ነው" አለ።

በረዶ ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቀው።

"ከአንተ ጋር ነዋ። እትዬ ሊመለስ ነው ብለውኛል። እኔ ደግሞ አንተን የመሰለ ሰው ሚስት ማግኘቱም ገርሞኝ ነበር፤ ማጣቱ አይገርመኝም።"

በረዶ መፍቻውን አቆመ። ማን ነው ሚስቱን አጣ ያለው?

ጸጉር አስተካካዩ ነገሩን የነገረው እንደ ቀልድ ነው። እየነገረው ሳለ ግን ቀልዱ ከድምፁ ላይ እየቀነሰ ሄደ። የበረዶ ፖስታ ሲመጣ፣ እሱም እየተጣደፈ በሩ ላይ ሲቀበል አዋላጇ ያዩት በራሳቸው መንገድ ነው። ተስማምቶ የሚኖር ሰው አድራሻውን ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ልጅ ግን አልያዘም፤ እንግዲያው ትዳሩ አልጸናለትም፤ ለመናገር ግን አፍሯል። ይህን ብለው ለብቻቸው ደመደሙ። በየሳምንቱ የአልጋውን አንሶላ ይቀይራሉ። ክፍሏን ለመከራየት የመጣ ሰው ነበር፤ መምህር ነው፤ ሰው አለበት ብለው መለሱት።

"የእትዬ መኪናስ?" አለ በረዶ፣ ከፍሪጁ ጀርባ ሆኖ።

"እሱን አታውቅም እንዴ?" ወንበሩ መሽከርከሩን አቆመ። "ከኢንሹራንሱ ጻፉላቸዋ። መነጽራቸው ተሰብሮ ስለነበር ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። በእርስዎ ቤት ሌላ ሹፌር ይኖራል፣ አደጋም አድርሷል፣ አንዱ የሌላውን መኪና መንዳቱ ስለማይቀር የእርስዎም ክፍያ ይጨምራል ይላል። አይኖርም የሚሉ ከሆነ መጥተው ይፈርሙ ይላል። 'እትዬ፣ አይኖርም ብለው ይፈርሙ፣ አለቀ' አልኳቸው።"

"እና?"

"'ልጁን ውሸታም ላስብለው ነው?' አሉኝ። በጡረታቸው ያንን አይከፍሉ፤ መኪናዋን ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር አቆሟት። ይኸው በእግራቸው ናቸው።"

በረዶ ጠብቆ የነበረውን ብሎን ፈታውና መልሶ አጠበቀው። ሌላ የሚሠራው አልነበረም፤ ግን ከፍሪጁ ጀርባ ለመውጣት ፊት ያስፈልጋል። ሲወጣ የሠራበትን አልተቀበለም።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ስለነበር ከንፈሯ መሃል መርፌዎች ይዛለች። እየሰማችው አንድ በአንድ አወጣቻቸውና የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ሲጨርስ ቀሚሱን ከጉልበቷ ላይ አነሳች።

"እና እኔ ጋ ምንድን ነህ? እንግዳ ነህ?"

"ለክፍያው ብዬ ነው።"

"የመጀመሪያውን ጊዜ ለክፍያው ነው እንበል" አለችው። "እኔም ብሆን ተደናግጬ ያንን እል ይሆናል። ከዚያ ወዲያስ? አልጋህ እዚያ፣ መፍቻህ እዚያ። እኔን አንድ ቀን እንኳ እሳቸው ዘንድ ወስደኸኛል?"

አልወሰዳትም። እውነቱን ለመናገር፣ ለክፍያው ብዬ ነው ማለቱ ራሱ ሙሉ አልነበረም። ባገባ ሰሞን፣ ምናልባት ይህችም ሴት ትሰለቸኛለች፣ ያን ጊዜ የምገባበት አይጠፋም እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ያቺን ክፍል በልቡ ይዟት ኖሯል፤ ያለ ኪራይ፣ ያለ ምስጋና። ሲያስበው እንቅልፍ ነሳው። ሚስቱም አልተኛችም፤ ግን ጀርባዋን አልሰጠችውም፤ እሱ ለዚህም ተሸማቀቀ።

በማግስቱ ወደ አዋላጇ ሄደ። ሁሉንም ሊነግራቸው ነበር። በሩን ሲከፍቱለት ፊታቸው እንዴት እንደበራ ሲያይ ግን ቃሉ እንደ ልማዱ ቀዘቀዘበት። ሻይ አፈሉለት። ሞተር አጥፍቶ መግባቱን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥረውት፣ ከስኳሩ አንድ ማንኪያ ጨምረው ሰጡት። ያለው ይህን ብቻ ነው፦ ኢንሹራንስ ቢሮ ጉዳይ አለኝ፣ እርስዎም አብረውኝ ቢሄዱ። ለምን አላሉትም። ገብተው ደህናውን ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ።

ቢሮው እንደ ድሮው ነው፤ እርስ በርስ የተያያዙ የብረት ወንበሮች፣ ከአየሩ ይልቅ ወረቀት የሚያንቀሳቅስ ማራገቢያ። በረዶ የሚለውን በመንገድ አዘጋጅቷል። የአድራሻ ለውጥ አለኝ፣ ሳላስታውቅ ቆይቻለሁ፣ የእሳቸውን ክፍያ ያለ አግባብ ስለጨመራችሁ አስተካክሉ። ጥሩ ቃል ነበር፤ ለሠራተኛዋ የተዘጋጀ። እሳቸው አጠገቡ ቆመው እንደሚሰሙት ግን አላሰበበትም።

ሠራተኛዋ ያቺው ነበረች። ሁለቱን ታርጋ በአንድ አድራሻ ላይ ስታገኝ ወደ አዋላጇ ቀና አለች።

"እናቴ፣ እሳቸው እርስዎ ቤት ነው የሚኖሩት?"

"አዎ" አሉ አዋላጇ፣ ሳያመነቱ። "የበሩ ዳር ክፍል የእሱ ነው። ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብሎ ነው እንጂ። ክፍያው ከሆነ እከፍላለሁ፤ እሱን አታስቸግሪው።"

ሠራተኛዋ ወደ በረዶ ዞረች። በረዶ መስታወቱ ላይ የራሱን ፊት አየ፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች፣ ከአጠገቡ የእሳቸው ካፖርት ትከሻ። ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልፋል። እሳቸው ውሸት እየተናገሩ አልነበረም፤ እሱ የነገራቸውን ነው የሚናገሩት።

"እኔ እዚያ አልኖርም" አለ። ድምፁ ስላልወጣ ደገመው። "ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የምኖረው ከሚስቴ ጋር ነው። መኪናዋም እዚያው መንገድ ዳር ነው የምታድረው። ያልተናገርኩት ክፍያው እንዳይጨምርብኝ ብዬ ነው።"

ሠራተኛዋ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ምናልባት አዘነችለት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በቅርቡ ወደ ቀድሞ ቤታቸው የሚመለሱ ከሆነ ያለፈውን እንደ ጊዜያዊ ቆይታ መያዝ እንደሚቻል፣ እንደዚያ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠየቁት እንደማይኖር ነገረችው። መመለስ የሚያስቡ ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ።

አዋላጇም ወደ እሱ ዞሩ። ጠበቁት።

"አልመለስም" አለ በረዶ።

አዋላጇ የቦርሳቸውን መዝጊያ ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከዚያ ለሠራተኛዋ፣ "ሰምተሻል እንግዲህ፣ ልጄ። ጻፊው" አሏት።

ተጻፈ። የእሳቸው ክፍያ ወደነበረበት ተመለሰ። የእሱ ጨመረ፤ ያለፈው ልዩነትም ተደመረበት፤ የተሰበረው የኋላ መብራት ካሳም እንደገና ይታያል ተባለ። በረዶ ፈረመ። ይህን ሁሉ መስማቱ ቀላል ነበር፤ እንዲያውም የበለጠ ቢጨምሩበት ደስ ባለው።

ሲመለሱ አዋላጇ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሱም። አንድ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ፣ "ሚስትህ ምን ትሠራለች?" ብለው ጠየቁት።

"ልብስ ትሰፋለች።"

"ደህና ናችሁ? ትስማማላችሁ?"

"እንስማማለን፣ እትዬ።"

"ጥሩ" አሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ በረዶ አልተንቀሳቀሰም። በሩ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን እሱ ሳያጠፋው እሳቸው እጃቸውን ሰደው ቁልፉን አዞሩት። "ውረድ" አሉት። "ክፍሏን ላከራያት ነው። መምህሩ ቤት ካላገኘ ልጠይቀው። ዕቃህን ዛሬ አውጣ።" በዚያ ድምፅ ውስጥ ቁጣ የለም። ሆስፒታል ሳሉ የምታምጥን ሴት የሚያዙበት ድምፅ ይሆናል፤ ሰው እንዲከራከር አይተውም።

ክፍሏ ተጠርጋለች። መስኮቱ ተወልውሏል። የመፍቻ ሣጥኑ ላይ አቧራ የለም። አልጋው ሊተኛበት ለሚመጣ ሰው እንደሚነጠፍ ተነጥፎ፣ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ገለጥ ተደርጎ ይጠብቃል። በረዶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ፈልጎ ጣሪያው ላይ አደረገው። ቀድሞ የመፍቻ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ፤ ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን በግማሽ ላጭቶ ትቶት በሩ ላይ ቆሟል።

"ገባህ ወይስ ወጣህ?" አለው።

"ወጣሁ" አለ በረዶ። ጸጉር አስተካካዩ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለአልጋው ሲመለስ አዋላጇ ብርድ ልብሱን አንስተው አንሶላውን እየገፈፉ ነበር። ተዉት እኔ አወጣዋለሁ ቢላቸው ሁለቱን ጫፎች ሰጡት፤ ሁለቱን እሳቸው ያዙ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች እሱ በጀርባው ግድግዳውን፣ እሳቸው በጀርባቸው በሩን ነኩ። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ ማንም አልተኛበትም። አንድ ጊዜ አጠፉት፤ ከዚያ ተጠጋጉ። ጫፉን ሊያቀብላቸው እጃቸው እጁን ሲነካ፣ ይቅር ይበሉኝ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

"ቀና በል እንጂ" አሉት። "ጎትተህ ያዝ፤ ተጨማደደብህ እኮ።"

ጎተተው። ቀና ማለቱን ግን አልቻለም።